በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ግፍና የቴሌቪዥን ሥርጭት፤ የብሪታንያ ታሪክ ከ1956 እስከ 2016

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከሕፃናት ጋር ስላላቸው ግንኙነት በተነሣ ቁጥር ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው፣ ልጆች የኃይል ድርጊት የሞላበትን ፊልም ቢመለከቱ በጠባያቸው ላይ ምን ለውጥ ይደርሳል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከዚህ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጁ ራሱ የተደበደበ፣ የተደፈረ ወይም እንዲራብ የተደረገ በሆነ ጊዜ ማሰራጫ ጣቢያው እንደ ምን አድርጎ ያቀርበዋል? እንደ መሳቂያ ነውን? እንደ ማሳዘኛ ሥዕል ነውን? ወይስ የሚናገረው ቃል እንዳለው ሰው? የሚለው ነው። መልሱ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ ከዘመን ወደ ዘመን ሲለዋወጥ ታይቷል።

የዚህ ጽሑፍ ምሳሌ የተወሰደው ከብሪታንያ ነው። ቢ.ቢ.ሲ. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የዚያ አገር ማሰራጫ ድርጅት የሬዲዮ አገልግሎቱን በ1922፣ የቴሌቪዥን አገልግሎቱን በ1936 የጀመረ፣ ወጪውም በአብዛኛው ከተመልካቹ በሚሰበሰብ የፈቃድ ክፍያ የሚሸፈን የሕዝብ ድርጅት በመሆኑ፣ በጎ ሥራውም ሆነ ጥፋቱ በአደባባይ ሲመረመር ኖሯል። ሁለተኛውና ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ምክንያት ግን፣ ታሪኩ የሚጀምረው ከክፍል ውስጥ፣ መምህሩ በእጁ ከያዘው ዘንግ መሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዘንጉ መሳቂያ በነበረበት ጊዜ

በ1956 ቢ.ቢ.ሲ. «ዋክ ኦ» የተባለ ተከታታይ የቀልድ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ስሙ የዱላ ምትን ድምፅ የሚያስታውስ ነው። ደራሲዎቹ ፍራንክ ሚዩርና ዴኒስ ኖርደን ሲሆኑ፣ ዋናው ተዋናይ ጂሚ ኤድዋርድስ ቺዝልበሪ በተባለ ልብ ወለድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ መጠጥ ወዳድና አጭበርባሪ ርእሰ መምህር ሆኖ ይጫወታል። ርእሰ መምህሩን ከእጁ ዘንግ አይለየውም። ድራማው እስከ 1960 ታይቶ፣ በሬዲዮም ተሠርቶ፣ በ1971 እና በ1972 እንደ ገና በቴሌቪዥን ቀርቧል። ከ1952 እስከ 1961 የታየው የቢሊ በንተር ተከታታይ ድራማም እንዲሁ ሆዳሙ ተማሪ ከመምህሩ ዘንግ ጋር የሚያደርገውን ድብብቆሽ ለተመልካች መዝናኛ ያደረገ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ቀልድ የራሱ ሥርዓት አለው። ልጁ ጎንበስ ይላል፤ ይመታል፤ ይጮኻል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ግን ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ይመለሳል። ሰንበር የለም፤ እንቅልፍ የነሣው ሌሊት የለም፤ ነገ ወደ ትምህርት ቤት ለመሄድ መፍራት የለም። ደራሲዎቹ ግርፋትን ፈለሰፉት ማለት አይደለም። በዚያን ጊዜ በብሪታንያ ትምህርት ቤቶች ተማሪን መግረፍ ሕጋዊ ነበር፤ በእንግላንድ ዘንግ፣ በስኮትላንድ ደግሞ ጫፉ የተሰነጠቀ የቆዳ ጠፍር የተለመደ መሣሪያ ነበር። ቀልዱ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያመውን ነገር በሳሎን ውስጥ የማያም አድርጎ ማሳየት ነው። ርእሰ መምህሩ በድራማው ውስጥ መሳለቂያ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ተመልካቹ የሚስቀው በስግብግብነቱና በውሸቱ እንጂ ልጅን በመምታቱ አልነበረም፤ ምቱ እንደ አየር የተለመደ ነበርና።

ይህን ስንል ሌላውን ሕዝብ ለመውቀስ አይደለም። እኛም ብንሆን ስለ አርጩሜና ስለ ኩርኩም የምንተርከው እየሳቅን ነው። መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ የልጅነት ግርፋት የጨዋታ ማድመቂያ ነው፤ ያን ጊዜ ከግርፋቱ የተነሣ ትምህርቱን ጥሎ የጠፋው ጓደኛ ግን በጨዋታው መካከል ስለማይገኝ የእርሱ ወገን ታሪክ አይነገርም።

ልጅን ከልጁ ዐይን ማየት

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1978 ቢ.ቢ.ሲ. በልጆች የሥርጭት ሰዓት «ግሬንጅ ሂል» የተባለ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ፈጣሪው ፊል ሬድመንድ ነው። ትምህርት ቤቱ አዳሪ ሳይሆን የሠራተኛ ልጆች የሚማሩበት የለንደን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ካሜራውም ነገሩን የሚያየው ከመምህሩ ጠረጴዛ ሳይሆን ከተማሪው ወንበር ነው። ጉልበተኛ ተማሪ ደካማውን ሲያስጨንቅ፣ መምህር ቁጣውን መግታት ሲያቅተው፣ ልጅ ቤቱ የደረሰበትን ደብቆ ሲመጣ ይታይ ነበር። ከወላጆችና ከመምህራን ብዙ ቅሬታ ቀረበበት፤ ልጆችን ባለጌ ያደርጋል ተባለ። ድራማው ግን እስከ 2008 ማለትም ለ30 ዓመታት ቀጥሏል። በአንድ ድራማ ምክንያት የትምህርት ቤት ሥርዓት ተለወጠ ማለት ግነት ይሆናል። ሆኖም የ1956ቱ ልጅ የቀልድ ዕቃ ሲሆን የ1978ቱ ልጅ ስምና ጓደኛ፣ ቂምና አስተያየት ያለው ሰው ነበር።

ከስቱዲዮው ውጭም ነገሩ ይንቀሳቀስ ነበር። በ1968 አካላዊ ቅጣትን የሚቃወም የመምህራን ማኅበር ተመሥርቷል። ይህ ጉዳይ በቂ ትኩረት አልተሰጠውም፤ ዘንጉን ከመምህሩ እጅ ለማስጣል ከተነሡት መካከል መምህራን ራሳቸው ነበሩ። በፌብሩዋሪ 1982 ደግሞ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ሁለት የስኮትላንድ እናቶች ልጆቻቸው በትምህርት ቤት እንዳይገረፉ ያቀረቡትን አቤቱታ ተመልክቶ ብሪታንያ የወላጆችን እምነት ሳታከብር ቀርታለች ሲል ፈረደ። ጉዳዩ ወደ ፓርላማ ዞረ። በጁላይ 22 ቀን 1986 የታችኛው ምክር ቤት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግርፋት እንዲቀር በ231 ድምፅ በ230 ላይ፣ በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ ወሰነ። በማግሥቱ የንጉሣዊ ቤተ ሰብ ሠርግ ስለ ነበረ በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ድምፅ ሳይሰጡ የቀሩ የምክር ቤት አባላት እንደ ነበሩ ይነገራል። ሕጉ በኦገስት 1987 በሥራ ላይ ዋለ። በግል ትምህርት ቤቶች ግን ክልከላው በእንግላንድና በዌልስ የተደነገገው በ1998 ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ከዚያ በኋላ ተከትለዋል። የሀብታሙን ልጅ ከዘንግ ለማዳን ከደኃው ልጅ ይልቅ ከ10 ዓመት በላይ መፍጀቱ የታሪክ ምፀት ነው።

ኦክቶበር 30 ቀን 1986

ከዚህ ድምፅ አሰጣጥ ሦስት ወር በኋላ የተላለፈው ዝግጅት የጽሑፋችን ማዕከል ነው። ኤስተር ራንትዘን የተባሉት ጋዜጠኛ ከ1973 ጀምሮ «ዛትስ ላይፍ» የሚባል፣ የሸማቾችን አቤቱታ ከቀልድና ከጨዋታ ጋር የሚያቀርብ፣ ብዙ ተመልካች ያለው ዝግጅት ይመሩ ነበር። አንድ ሕፃን በቤቱ ውስጥ በረሃብ የሞተበት አሳዛኝ ጉዳይ ከተሰማ በኋላ፣ በልጅነታቸው ግፍ የተፈጸመባቸው አዋቂዎች የጽሑፍ መጠይቅ እንዲሞሉ በዚሁ ዝግጅት ጥሪ አስተላለፉ። ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች መልስ ሰጡ። በዚያው ጊዜ ግፍ በመፈጸም ላይ ያለባቸው ልጆች ካሉ እንዲደውሉ ለ48 ሰዓት ብቻ የስልክ መስመር ተከፈተ። መስመሩ በጥሪ ተጨናነቀ። ከደወሉት ብዙዎቹ ለማንም ያልነገሩትን ወሲባዊ ጥቃት የሚናገሩ ልጆች ነበሩ።

ከዚህም የተነሣ «ቻይልድወች» የተባለ ልዩ ዝግጅት ተሰናድቶ በኦክቶበር 30 ቀን 1986 በቢ.ቢ.ሲ. አንደኛ ጣቢያ ተላለፈ። በዚያው ቀን «ቻይልድላይን» የተባለ የሕፃናት የስልክ አገልግሎት ሥራ ጀመረ። ቁጥሩ 0800 1111 ነው፤ ትንሽ ልጅ በቃሉ ሊይዘው የሚችል ሲሆን ጥሪውም ያለ ክፍያ ነበር። በዚያች የመጀመሪያ ሌሊት 50,000 ያህል የጥሪ ሙከራዎች ተደረጉ።

በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ስለ ሕፃናት ስቃይ የሚቀርብ ዝግጅት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ተመልካቹ አዝኖ፣ አንዳንዴም ገንዘብ አዋጥቶ ይተኛል። የ1986ቱ ዝግጅት የተለየ ያደረገው፣ ዋናው አድማጩ ከልጁ ጎን የተቀመጠው አዋቂ ሳይሆን ልጁ ራሱ መሆኑ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሥርጭት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነበር፤ ጣቢያው ይናገራል፣ ልጁ ይሰማል። ስልኩ መልስ መስጫ ሆነ። ሌላው መታወቅ የሚገባው ነገር፣ ዝግጅቱ ከማለቁ በፊት ስልኩን የሚያነሡ ሰዎች መዘጋጀታቸው ነው፤ ፈቃደኛ ሠራተኞች ተመልምለው፣ ሠልጥነው፣ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ ተምረው ተቀምጠው ነበር። እንዲህም ሆኖ ከጥሪዎቹ ብዙዎቹ መስመር ሳያገኙ ቀርተዋል። ስንት ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ ደፍሮ ሞክሮ ስልኩ አልሠራ ሲለው ዝም እንዳለ የሚነግረን መዝገብ የለም። ለፕላን አውጪዎች ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ ማግኘት ያስቸግራል፤ «ተናገሩ» ብሎ መጋበዝ ቀላል ነው፤ የሚሰማ ሰው በበቂ ቁጥር መመደብ ግን በጀት ይጠይቃል። አገልግሎቱ በ2006 ከአገሪቱ አንጋፋ የሕፃናት ጥበቃ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ እስከ ዛሬ ይሠራል።

በ1987 በሰሜን እንግላንድ በክሊቭላንድ አውራጃ ሐኪሞች በጥቂት ወራት ውስጥ 121 ልጆች ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው በምርመራ አረጋገጥን በማለታቸው፣ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ተነጥለው ተወሰዱ። ቴሌቪዥኑና ጋዜጣው ወላጆችንና ሐኪሞችን አቀረበ፤ ወላጅ አለቀሰ፣ ሐኪም ተከራከረ፣ የምክር ቤት አባል ተቆጣ። ልጆቹ ግን የክርክሩ ዕቃ ሆኑ። አብዛኞቹ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ዳኛዋ ኤልዛቤት በትለር ስሎስ በ1988 ያቀረቡት የምርመራ ሪፖርት፣ ልጅን እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ልጁን ራሱን እንዳይረሱት አጥብቆ አሳስቧል። በ1989 የወጣው የሕፃናት ሕግም ከዚህ ተሞክሮ ተጠቅሟል።

የቴሌቪዥን መሣሪያው ራሱ ለልጁ ያገለገለበት አንድ መንገድ ደግሞ በማሰራጫ ጣቢያ ሳይሆን በፍርድ ቤት ተገኘ። በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ፣ ምስክር የሆነ ልጅ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ ከሌላ ክፍል ሆኖ በቴሌቪዥን አማካይነት ቃሉን እንዲሰጥ ፈቀደ፤ የ1991ዱ ሕግ ደግሞ አስቀድሞ በቪዲዮ የተቀዳ ቃል እንዲቀርብ ፈቀደ። እዚህ ላይ ካሜራው ልጁን የሚያሳየው ለሚሊዮኖች ሳይሆን ሊሰሙት ግዴታ ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ነበር።

የዚህ ተቃራኒ በ1993 ታየ። በፌብሩዋሪ ወር አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ከገበያ አዳራሽ ተወስዶ ተገደለ። የአዳራሹ የጥበቃ ካሜራ ሕፃኑ እጁን ተይዞ ሲሄድ ቀርጾ ስለ ነበረ ያ ደብዛዛ ምስል ለፖሊስ ፍለጋ ጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለዓመታት ደጋግሞ ታየ። ገዳዮቹ የ10 ዓመት ልጆች ሆነው ተገኙ። የቪዲዮ ፊልም ነው ያበላሻቸው የሚል ክርክር አገሪቱን ሞላት፤ ፖሊስ ግን ለዚህ ማስረጃ አላገኘም። ምስሉ በወላጆች ልብ ውስጥ የተከለው ፍርሃት የገበያና የመንገድ ፍርሃት ነው። ቻይልድላይን ከልጆች ሲሰማ የኖረው ግን በአብዛኛው ስለ ቤትና ስለሚታወቅ ሰው ነበር።

ጆሮ የተደፈነበት ዘመን

ይህ ሁሉ ሲሆን በዚያው ድርጅት ውስጥ ጂሚ ሳቪል የሚባል አቅራቢ ይሠራ ነበር። ከ1975 እስከ 1994 በቆየው «ጂምል ፊክስ ኢት» በተባለው ዝግጅቱ ልጆች ምኞታቸውን በደብዳቤ ይጽፉለት ነበር፤ እርሱም ይፈጽምላቸዋል። በበጎ አድራጎት ሥራው በ1990 የሰርነት ማዕርግ ተሰጠው። በኦክቶበር 29 ቀን 2011 በ84 ዓመቱ ሲሞት የሐዘን መግለጫው ብዙ ነበር።

ወዲያው ከሞቱ በኋላ «ኒውስናይት» የተባለው የቢ.ቢ.ሲ. የዜና ሐተታ ክፍል ጋዜጠኞች፣ በአንድ የማረሚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩ ሴቶች ሰውዬው በልጅነታቸው ስለ ፈጸመባቸው ጥቃት የሰጡትን ቃል ሰብስበው ነበር። ምርመራው በዲሴምበር 2011 ሳይተላለፍ ቀረ። በገና ሰሞን ግን ሰውዬውን የሚያወድሱ የመታሰቢያ ዝግጅቶች በቢ.ቢ.ሲ. ታዩ። እውነቱ የወጣው በኦክቶበር 3 ቀን 2012 በተወዳዳሪው ጣቢያ በአይ.ቲ.ቪ. ነው። ኤስተር ራንትዘን በዚያ ዝግጅት ላይ ቀርበው ሐሜቱ ይሰማ እንደ ነበረና ሁሉም ጆሮውን እንደ ደፈነ ተናግረዋል። በጃንዋሪ 2013 የለንደን ፖሊስና የሕፃናት ጥበቃው ማኅበር በጋራ ባወጡት ሪፖርት 450 ያህል ሰዎች ቃላቸውን መስጠታቸው ተገልጿል፤ አብዛኞቹ በጊዜው ከ18 ዓመት በታች ነበሩ። ድርጊቱ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ጭምር የተፈጸመ ነው። ዳኛዋ ጃኔት ስሚዝ በፌብሩዋሪ 2016 ባቀረቡት ምርመራ ከቢ.ቢ.ሲ. ሥራ ጋር በተያያዘ 72 ሰዎች በዚህ ሰው እንደ ተጠቁ አረጋግጠዋል። በምርመራው እንደ ተገለጸው፣ ነገሩን የሚያውቁ የበታች ሠራተኞች ነበሩ፤ ለበላይ ኃላፊዎች ግን አልነገሩም። ታዋቂ ሰው አይነካም የሚል እምነትና ሥራዬን አጣለሁ የሚል ፍርሃት አፋቸውን ዘግቶት ነበር።

ነገሩን በጥሞና ለሚመለከተው ይህ ከግብዝነት የባሰ ነው። ድርጅቱ በ1986 ልጆች እንዲናገሩ ከልቡ ጠይቋል፤ ያን ጊዜ ይከሰስ የነበረው የእንጀራ አባት፣ አጎት፣ ጎረቤት ነበርና። ተከሳሹ የድርጅቱ የራሱ ጌጥ በሆነ ጊዜ ግን ጥሪውን የሚያነሣ አልተገኘም። ልጁ ሊናገር ቢፈልግ እንኳ ለማን ይናገራል? ስልኩ ያለው ከቤቱ ነው፤ በስቱዲዮው ውስጥ ግን በር የለም።

ጸጸቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ወለደ። በኖቬምበር 2 ቀን 2012 ያው የኒውስናይት ክፍል በሰሜን ዌልስ የሕፃናት ማሳደጊያ ስለ ተፈጸመ ግፍ ባስተላለፈው ዝግጅት፣ ስም ባይጠራም፣ አንድ ከፍተኛ የፖለቲካ ሰው እንዲጠረጠር ምክንያት ሆነ። የተበደለው ሰው ያሳሰተው የሰው ማንነት ነበር፤ የሰውየው ፎቶግራፍ ከመሰራጨቱ በፊት አልታየውም ነበር። የቢ.ቢ.ሲ. ዋና ዳይሬክተር ሥራቸውን በያዙ በ54ኛው ቀን ለቀቁ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አንድ ክፍል ሊናገር ሲገባው ዝም አለ፤ ሊያጣራ ሲገባው ተናገረ። ሁለቱም ጥፋት የሚጎዳው በመጨረሻ ያንኑ ልጅ ነው፤ በሐሰት የተነገረ አንድ ታሪክ በእውነት ለሚናገሩት ብዙዎች የጥርጣሬ ምክንያት ይሆናልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያ የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካልን ከሚነካ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል። ድንጋጌው ከብሪታንያ የግል ትምህርት ቤቶች ክልከላ 3 ዓመት መቅደሙ ሊያኮራን ይችላል፤ አርጩሜው ግን ከክፍላችን ጨርሶ አልወጣም። ሕጉ ያለ ሥርጭት ብቻውን ቀርቷል ለማለት ባይቻልም፣ ልጁ መልስ የሚሰጥበት ሥርጭት ጥቂት ነው። ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ መምህራን ሁሉ ያስታውሱታል፤ በመስኮቱ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ይጠብቃል፣ የተማሪውን መልስ ሳይሰማ ያልፋል።

የተሻለ ምሳሌ በሬዲዮ አለን። ከጁን 2002 እስከ ኖቬምበር 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ ጠለፋን ጨምሮ በሴቶች ልጆች ላይ የሚፈጸመውን ግፍ እንደ ወግ ሳይሆን እንደ በደል አቅርቦታል። ከአድማጮች የደረሰው ደብዳቤ ከ15,000 በላይ ነበር። ድራማው በሚተላለፍበት ጊዜ የወጣው የ2004ቱ የወንጀል ሕግ፣ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በማግባቱ ከክስ ያመልጥበት የነበረውን የቀድሞ ሕግ ቀዳዳ ደፍኗል። ሕጉን ያመጣው ድራማው ነው አንልም፤ ብዙ የሕግ ባለሙያዎችና የሴቶች ማኅበራት የደከሙበት ነው። ነገር ግን ሕጉ በየመንደሩ ሲደርስ ነገሩን አስቀድሞ በሬዲዮ የሰማ ጆሮ ጠብቆታል።

በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያም በመጠኑ ማሰራጫ ጣቢያ ነው። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ስለ ሕፃናት መብት ጽሑፍ ሲነበብ ተማሪው ይሰማል። ክበቡን የሚመሩ መምህራን በመጪው ዓመት ዕቅዳቸው ውስጥ ከሚነበበው ጽሑፍ ቀጥሎ አንድ መስመር ቢጨምሩ መልካም ነው፤ ይኸውም ከንባቡ በኋላ የተገረፈ ልጅ ሊናገር ቢመጣ፣ በየትኛው ክፍል፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ተቀምጦ እንደሚጠብቀው የሚገልጽ ነው። የአስተያየት መስጫ ሣጥን ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ቁልፉን በማን እጅ እንደሚያኖሩ ይወስኑ። ቁልፉ ከርእሰ መምህሩ ዘንድ ብቻ ከሆነ፣ ርእሰ መምህሩ የመታው ልጅ የጻፈውን ወረቀት የሚያነበው ማን ነው?